ዕዳ ለማቅለል የሚከፈል ገንዘብ፦ የባለሙያው ዋጋ ከማን ኪስ ይወጣል?

ጎንደር ውስጥ የዕዳ ወሬ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው አብሮት የመጣው ቃል ነው። ድሮ «ሽማግሌ ላክሁበት» ወይም «ባንኩ ጊዜ ሰጠኝ» ይባል ነበር። አሁን «ሪስትራክቸሪንግ»፣ «ፕሮፖዛል»፣ «ትረስቲ» ሲባል ይሰማል። ቃላቱ የሚመጡት ከሁለት በኩል ነው። አንዱ ከዚሁ ከባንኩና ከጠበቃው ቢሮ ነው። ሌላው ከባሕር ማዶ ነው፤ ቶሮንቶ፣ ለንደን ወይም ቨርጂኒያ ያለ ልጅ ደውሎ «ዕዳዬን በሕግ አስቀንሼ በየወሩ እየከፈልሁ ነው» ሲል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። «ዓመት ሙሉ ከፈልሁ፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አላለም» ይላል ልጁ። አንዱ ዘመድ «ተበልተሃል» ይለዋል። ሌላው «አገልግሎቱ እኮ ነጻ ነው፣ ባንኮቹ ናቸው የሚከፍሉት» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። መሃል ላይ ያለው ነገር የባለሙያ ክፍያ ነው። ክፍያው መኖሩ አያከራክርም። ጥያቄው መቼ ይወሰዳል፣ ከየትኛውስ ብር ላይ ይወሰዳል የሚለው ነው።

ክፍያው የምን ዋጋ ነው?

መደበኛ የዕዳ አከፋፈል ስምምነት ማለት በሕግ የተቀመጠ ሥርዓት ተከትሎ የሚደረግ ስምምነት ነው። ተበዳሪው «ይህን ያህል በየወሩ እከፍላለሁ፣ የቀረውን ማሩኝ» ይላል። ብዙ ቦታ ገንዘብ ጠያቂዎቹ ድምፅ ይሰጣሉ። አብዛኛው ከተቀበለ ያልተቀበለውም ይገደዳል።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሽምግልና የማይሰጠው ነገር እሷ ነች። በሽማግሌ ፊት አምስት አበዳሪ ቢስማማና ስድስተኛው «አይሆንም» ቢል ስድስተኛውን የሚያስገድደው የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተከራካሪዎች ተስማምተው የሚፈርሙት ግልግል በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል። ያልፈረመውን ግን አይነካውም። መደበኛው ስምምነት ይነካዋል።

እንቢተኛውን ለማስገደድ ታዲያ አንድ ገለልተኛ ሰው ያስፈልጋል። የተበዳሪውን ሀብትና ገቢ መመርመር አለበት። አበዳሪዎችን አንድ በአንድ ማሳወቅ፣ የጠየቁት ገንዘብ ልክ መሆኑን ማጣራት፣ ድምፅ መቁጠር አለበት። ከዚያ ለዓመታት ገንዘብ እየተቀበለ ያከፋፍላል። ይህን ሰው ካናዳና አሜሪካ «ትረስቲ» ይሉታል፤ እኛ ባለአደራ እንደምንለው ዓይነት ነው። ክፍያው የሚከፈለው ለዚህ ሥራ ነው። ሥራው ደግሞ የሚበዛው መጀመሪያ ላይ ነው። የችግሩም ሥር እዚያ ነው።

የካናዳውን ሂሳብ እንፍታው

ካናዳን የመረጥሁት ክፍያው በደንብ ስለተተመነና ሂሳቡ ለማንም ስለሚገባ ነው። ሥርዓቱ «ኮንሲዩመር ፕሮፖዛል» ይባላል። ከመኖሪያ ቤት ብድር ውጭ እስከ 250,000 ዶላር ዕዳ ላለበት ግለሰብ የተዘጋጀ ነው። የሚቆየው ቢበዛ 5 ዓመት ነው። አበዳሪዎች 45 ቀን ይሰጣቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ስብሰባ የሚጠራ በቂ አበዳሪ ከሌለ እንደተቀበሉት ይቆጠራል።

የአስተዳዳሪው፣ ማለትም የትረስቲው፣ ክፍያ በደንቡ ተቀምጧል። ማመልከቻው ሲገባ 750 ዶላር ነው። ሲጸድቅ ሌላ 750 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ለአበዳሪዎች ከሚከፋፈለው ገንዘብ 20 ከመቶ ነው።

እንበል፣ አንድ ሰው 40,000 ዶላር ዕዳ አለበት። በወር 300 ዶላር ለ60 ወር እንዲከፍል ተስማሙ። ድምሩ 18,000 ነው። ከዚህ 1,500 መጀመሪያ ይነሳል። የቀረው 16,500 ነው። ሃያ ከመቶው 3,300 ይሆናል። ለአበዳሪዎች የሚደርሰው 13,200 ገደማ ነው። የግብር፣ የምክር አገልግሎትና የመንግሥት ተቀናሽ ከዚህ ላይ ትንሽ ይሸራርፋሉ።

አሁን ተበዳሪው ስንት ከፈለ? 18,000። ባለሙያው ባይኖርና አበዳሪዎቹ በዚሁ ቁጥር ቢስማሙም 18,000 ነበር የሚከፍለው። ክፍያው በላዩ ላይ አልተጨመረበትም። ከአበዳሪዎቹ ድርሻ ተቆረሰ እንጂ። «ባንኮቹ ናቸው የሚከፍሉት» የሚለው ዘመድ በዚህ በኩል ልክ ነው።

ግን ልክ የሚሆነው ስምምነቱ እስከ 60ኛው ወር ከሄደ ብቻ ነው።

መሃል ላይ ሲፈርስ

ያው ሰው ለ12 ወር ከፍሎ ሥራው ቀረበት እንበል። እስካሁን የከፈለው 3,600 ነው። 1,500 ወደ መነሻ ክፍያ ገብቷል። ይህ ማለት የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ገንዘብ በሙሉ ለባለሙያው ሄዷል ማለት ነው። ከቀረው 2,100 ላይ 20 ከመቶው፣ 420 ዶላር፣ ይነሳል። ለአበዳሪዎች የደረሰው 1,680 ነው።

በካናዳ ሕግ ያልተከፈለ የሦስት ወር ክፍያ ከተጠራቀመ ስምምነቱ እንደፈረሰ ይቆጠራል። ሲፈርስ የተማረው ዕዳ ተመልሶ ይመጣል። የሚቀነስለት አበዳሪዎቹ እጅ የገባው ብቻ ነው። 40,000 የነበረው ከ38,300 በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። 3,600 ከፍሎ ዕዳው በግማሹ እንኳ፣ በ1,800፣ አልቀነሰም።

ስለዚህ «ዓመት ሙሉ ከፍዬ ንቅንቅ አላለም» የሚለውም አልዋሸም። ያልተነገረው ነገር ቢኖር ክፍያው ሁለት ፊት እንዳለው ነው። ሲሳካ የአበዳሪ ወጪ ነው። ሲፈርስ የተበዳሪ ወጪ ይሆናል። ባለሙያው ሁለቱም ላይ የመነሻውን ወስዷል።

እዚህ ጎንደር ላለ ቤተሰብ ይህ የሩቅ ሂሳብ አይደለም። ለፋሲካ፣ ለሰርግ ወይም ለተዝካር ገንዘብ እንዲልክ የሚጠየቀው ያው ልጅ ነው። አንድ ወር ያሳልፋል፣ ሁለተኛ ያሳልፋል። ሦስተኛው ላይ የሚፈርሰውን ነገር እዚህ ያለው ጠያቂ አያውቅም። ልጁም አፍሮ አይናገርም።

እንግሊዝና አሜሪካ በአጭሩ

እንግሊዝ ውስጥ ተመሳሳዩ ሥርዓት በምሕጻረ ቃል «አይ.ቪ.ኤ» ይባላል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1986 የኪሳራ ሕግ ነው። ድምፅ ከሰጡት አበዳሪዎች በገንዘብ መጠን 75 ከመቶው መቀበል አለበት። ክፍያው በሁለት ስም ይመጣል፤ ሐሳቡን ለሚያዘጋጀው ሰው አንድ፣ ከጸደቀ በኋላ ለሚቆጣጠረው ሌላ። ብዙ ጊዜ ሰውየው አንድ ነው። የፖስታ፣ የምዝገባና መሰል ወጪዎች ደግሞ ለብቻ ይጻፋሉ።

እንግሊዝ ውስጥ ትልቁ ጭቅጭቅ የነበረው በደላላው ላይ ነው። ዕዳ የከበዳቸውን ሰዎች በማስታወቂያ ሰብስበው ለእነዚህ ባለሙያዎች የሚያስተላልፉና በሰው ልክ ኮሚሽን የሚቀበሉ ድርጅቶች ነበሩ። ለደላላው የሚያዋጣው መንገድ ለተበዳሪው የሚያዋጣው ላይሆን ይችላል። የአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ይህን ኮሚሽን በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከለከለ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተዘጋጀው የዕዳ ማቅለያ ትእዛዝ የ90 ፓውንድ ማመልከቻ ክፍያው ተነሳ።

አሜሪካ «ቻፕተር 13» የሚባለው በፍርድ ቤት በኩል የሚሄድ የዕዳ አከፋፈል መንገድ አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። የባለአደራው ድርሻ በሕግ ቢበዛ 10 ከመቶ ነው። የጠበቃው ክፍያ ከዚህ የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ወርኃዊ ክፍያ ውስጥ ገብቶ ይከፈላል። ከፍርድ ቤት ውጭ «ዕዳዎን በግማሽ እናስቀንሳለን» እያሉ በስልክ የሚሸጡ ድርጅቶች ግን ሌላ ናቸው። እነሱ ቢያንስ አንድ ዕዳ ሳያስቀንሱ አስቀድመው ክፍያ እንዳይቀበሉ ከጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግደዋል። ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ «መጀመሪያ ክፈል» ከተባለ የሚጠራጠርበት በቂ ምክንያት አለው።

እዚህ ጎንደርስ?

የእኛው መልክ ይለያል። ለደመወዝተኛ የሚሆን፣ እንደ ካናዳው ያለ የግለሰብ ዕዳ ማቅለያ ሥርዓት የለንም። ያለን በዋናነት ነጋዴንና የንግድ ማኅበርን የሚመለከት ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን የኪሳራ ክፍል ተክቷል። ሳይከስሩ በፊት ዕዳን በድርድር እንደገና ማዋቀር፣ ድርጅቱን መልሶ ማደራጀት፣ ካልሆነም ኪሳራ የሚሉ ደረጃዎችን አስቀምጧል። «ሪስትራክቸሪንግ» የሚባለው የመጀመሪያው ነው፤ ዕዳው ይቆያል፣ ጊዜው፣ መጠኑ ወይም ወለዱ ይቀየራል። እዚህ መንገድ ላይ ፍርድ ቤት ስላለ የሚሾመው ባለሙያ ክፍያም በፍርድ ቤት ዓይን ሥር ነው። የሥርዓቱ ወጪ ከሌላው ዕዳ ቀድሞ ከንብረቱ ይነሳል።

ብዙው የጎንደር ነጋዴ ግን እዚያ አይደርስም። መንገዱ አጭር ነው። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት። ቱሪስት ሲጠፋ በብድር የተሠራው ሆቴልና ፔንሲዮን ባዶ ቀረ። ባለቤቱ ባንክ ሄዶ የአከፋፈል ማስተካከያ ይጠይቃል። ባንኩ እንቢ ካለ ቀጣዩ ሐራጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ ውሉ ላይ ስምምነት ካለ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክስ መያዣውን መሸጥ ይችላል። ሠላሳ ቀን ለድርድር በጣም አጭር ነው። በችኮላ የተቀጠረ ባለሙያ ደግሞ ዋጋው አይወርድም።

የባለሙያው ክፍያ እዚህ ጋ ኪስ ይቀይራል። ካናዳ ክፍያው ከወርኃዊው ገንዘብ ውስጥ ነው የሚወጣው። እዚህ ከባንክ ጋር በሚደረገው ማስተካከያ ነጋዴው ጠበቃውን፣ የሂሳብ ባለሙያውንና የንግድ ዕቅድ አዘጋጁን ከሌላ ኪሱ ነው የሚከፍለው። ያውም አስቀድሞ። ባንኩ የተመረመረ ሂሳብ ይጠይቃል። አዲስ ግምት ይሠራል። ውል ይታደሳል፣ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንስ ይራዘማል። ባለሙያው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ትራንስፖርትና አበል አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ይመስላል። ሲደመር ግን አንድ ሁለት ወር ለባንክ ሊከፈል የሚችል ገንዘብ ይሆናል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የመጀመሪያው ብር የት ይገባል?

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለክፍያ ቅደም ተከተል አስቀምጧል። ከዋናው ገንዘብ ሌላ ወለድና ወጪ ያለበት ተበዳሪ፣ ያለ አበዳሪው ፈቃድ «ይህቺን ከዋናው ላይ ቀንስልኝ» ማለት አይችልም። የከፈለው መጀመሪያ ለወጪ ይያዛል። ቀጥሎ ለወለድ ይያዛል። የተረፈው ለዋናው ነው።

አንድ ፔንሲዮን እናስብ። የባንክ ዕዳው 3,000,000 ብር ነው። ወለዱ በዓመት 16 ከመቶ ቢሆን በወር 40,000 ብር ነው። ባንኩ ለማስጠንቀቂያ፣ ለግምትና ለሕግ አገልግሎት ያወጣውን 15,000 ብር በውሉ መሠረት በተበዳሪው ላይ ጻፈ። ባለቤቱ ከዚህም ከዚያም ብሎ 60,000 ብር ይዞ መጣ። 15,000 ለወጪ። 40,000 ለወለድ። ከዋናው ላይ የቀነሰው 5,000 ብር ብቻ ነው። ደረሰኙን አይቶ የሚቆጣ ሰው ብዙ ነው። ሂሳቡ ግን አልተሳሳተም።

የራሱ ጠበቃ ክፍያ ከዚህ ሁሉ ውጭ መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለት ባለሙያ አለ፤ የባንኩና የእሱ። የባንኩ ባለሙያ ወጪ በዕዳው መዝገብ ላይ ይገባል። የእሱ አይገባም። ሁለቱንም ግን የሚከፍለው አንድ ሰው ነው። ድርድር ላይ ከወለድ ቅናሽ በፊት የወጪው ዝርዝር እንዲቀርብና ከፊሉ እንዲነሳ መጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳ፣ ነገር ግን ቀለል ያለ ጥያቄ ነው።

በመቶኛ፣ በሰዓት ወይስ በቁርጥ?

ባለሙያዎቹ የራሳቸው ክርክር አላቸው፤ ተገቢም ነው። ሥራው የሚበዛው መጀመሪያ ላይ ነው ይላሉ። ተበዳሪው ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት ይዞ ይመጣል። ግማሹ ደረሰኝ የለም። የእቁብ ዕዳ አለ፣ በቃል የተበደረው አለ፣ በወዳጅ ስም የተፈረመ ቼክ አለ። ይህን አበጥሮ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ሳምንታት ይፈጃል። ተበዳሪው በሦስተኛው ወር ቢጠፋ የተሠራው ሥራ አብሮ አይጠፋም። ስለዚህ ቀድሞ መከፈሉ ፍትሐዊ ነው ባዮች ናቸው።

ተቺዎች ደግሞ ቀድሞ የተከፈለው ባለሙያ ስምምነቱ ይዘልቅ አይዝለቅ ግድ አይሰጠውም ይላሉ። የማይችለውን ሰው አስፈርሞ የመነሻውን ይወስዳል። ሲፈርስ የእሱ ጉዳት ትንሽ ነው።

በመቶኛ የሚከፈለው ብዙ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ይገፋል፤ ለተበዳሪው ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ መከራከር ከጥቅሙ ጋር ይጋጫል። በሰዓት የሚከፈለው ነገሩ እንዲራዘም አያስጠላውም። በቁርጥ የሚከፈለው ቶሎ ጨርሶ ወደ ሌላ ደንበኛ መሄድ ይፈልጋል። እንከን የሌለው የለም። ለትንሽና መካከለኛ የጎንደር ንግድ ግን የተሻለ የሚመስለኝ ቁርጡ ዋጋ ነው፤ በአንዴ የማይከፈል፣ በደረጃ የተከፋፈለ ቁርጥ። ጥቂቱ ሰነድ ሲዘጋጅ፣ ጥቂቱ አበዳሪዎች ሲፈርሙ፣ የቀረው ከስድስት ወር በኋላ ስምምነቱ በእግሩ ቆሞ ሲገኝ። ባለሙያው ይህን ላይወደው ይችላል። ሊደራደርበት ግን ይችላል።

የሽምግልናን መንገድ የሚመርጡም አሉ። «ከሽማግሌ በላይ ማን አለ፣ ያውም በነጻ» ይላሉ። ለእቁብ፣ ለጎረቤት ብድርና ለአቅራቢ ዕዳ እውነት ነው። ቅዳሜ ገበያ ያለ አቅራቢ ስሙንና ደንበኛውን ያስባል፤ ሽማግሌ ይሰማል። ባንክ ግን የሚሰማው መመሪያውን ነው። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያዋጣል። ትንንሾቹን ዕዳዎች በሽማግሌ ጨርሶ፣ ከፈረሙት ወረቀት ጋር ባለሙያው ዘንድ ባንኩን ብቻ ይዞ መሄድ። የባለሙያው ሥራ ያንሳል። ዋጋውም አብሮ ሊያንስ ይገባል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው

ብዙ ሰው ባለሙያውን «ስንት ታስከፍላለህ?» ብሎ ይጠይቅና ይበቃዋል። የሚጎድለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ «በአሥራ ሁለተኛው ወር ቢፈርስ የከፈልሁት ገንዘብ የት ደረሰ? ዕዳዬስ ስንት ይሆናል?» ይህን በቁጥር ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ለባለሙያ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ካላስቀመጠ ወይ አላሰበበትም፣ ወይ እንዲያስቡበት አይፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ዋጋው 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይ የሚለው ነው። ባለሙያው የታክሱ ተመዝጋቢ ከሆነ 80,000 ብር የተባለው 92,000 ሊሆን ይችላል። አበልና ትራንስፖርትስ? የፍርድ ቤት ዳኝነት ክፍያስ? የባንኩ የግምት ክፍያስ? «ይህ ሁሉ ውስጥ ነው» ከተባለ ያው ቃል በውሉ ላይ ይጻፍ።

ባሕር ማዶ ላለው ደግሞ ጥያቄው ትንሽ ይለያል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ ብዙ አይከራከሩበትም። የሚከራከሩበት ወርኃዊው መጠን ነው። በወር 300 ብሎ ከመፈረም በፊት ለአገር ቤት በዓመት የሚላከውን ደምሮ ለ12 ማካፈል ያስፈልጋል። ያ ቁጥር በጀቱ ውስጥ ካልተጻፈ ሰውየው ያልተጻፈ ዕዳ ይዞ ነው የሚገባው። እዚህ ያለው ወገንም ስልኩን አንስቶ ስለ በዓሉ ከማውራቱ በፊት «የዚህ ወሩን ከፍለሃል ወይ?» ቢል አያስነውርም።